ስለ ነርስነት ትምህርት፣ ስለ ሆስፒታል ልምምድና ስለ ቤት ኑሮ



ጎተራ የእህል ማስቀመጫ እንደ ሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። በአዲስ አበባ በቂርቆስ በኩል ያለው ጎተራ የተባለው ሰፈር ግን ዛሬ ከእህሉ ይልቅ ሰው የሚከማችበትና ሰው የሚተላለፍበት ስፍራ ሆኗል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው መንገድና ከወሎ ሰፈር የሚመጣው የኢትዮ ቻይና ወዳጅነት መንገድ የሚገናኙት በዚያ ነው፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶቹም ብዙ ቤተ ሰብ ይዘዋል። ገና ጎሕ ሲቀድ በታክሲው ሰልፍ ላይ ከሚቆሙት መካከል ነጭ ጋዋናቸውን አጥፈው በቦርሳቸው የያዙ ወጣቶች ይገኛሉ። እነዚህ የነርስነት ተማሪዎች ናቸው። ከእነርሱም ውስጥ አንዱን ልጅ ጡት አጥብተው፣ ሌላውን ለትምህርት ቤት አሰናድተው፣ የቤቱን ቁርስ ከድነው የወጡ አሉ።

ዛሬ ልንናገር የፈለግነው ስለነዚህ ሰዎች ነው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ተማሪም፣ የበሽተኛ አስታማሚም፣ የቤት ኀላፊም ሆኖ ሦስቱንም ሥራ በሚገባ ሊያካሂድ ይችላልን? የሚችል ከሆነ በምን ዘዴ? የማይችል ከሆነስ የጕድለቱ ዕዳ በማን ላይ ይወድቃል? ይህ ጥያቄ የተማሪዪቱ የግል ጕዳይ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሚሠሩት አንባቢዎቻችን መካከል ሚስቱ፣ እኅቱ ወይም ልጁ ይህን ትምህርት የምትከታተልለት ሰው ይኖራል። ደግሞም ማናችንም ብንሆን አንድ ቀን በአልጋ ላይ ተኝተን በውድቅት ሌሊት የአንዲት ነርስ እጅ መጠበቃችን አይቀርም። ስለዚህ ነገሩ የሁላችን ነው።

በመጀመሪያ የነርስነት ትምህርት ከሌላው ትምህርት በምን እንደሚለይ እንመልከት። የታሪክ ወይም የሕግ ተማሪ ትምህርቱን ከመጽሐፍና ከመምህሩ አፍ ይቀበላል። የነርስነት ተማሪ ግን ሁለት ትምህርት ቤት አላት። አንደኛው ስለ ሰውነት አሠራር፣ ስለ ተሐዋስያን፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ምግብ የምትማርበት ክፍል ነው። ሁለተኛው ራሱ ሆስፒታሉ ነው። በዚያም በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ጽንስ፣ በአእምሮ ሕመም ክፍሎች እየተዘዋወረች፣ እንዲሁም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መንደር እየወጣች የተማረችውን በእጅዋ ትሠራለች፤ የሠራችውንም በልምምድ መዝገብዋ ላይ እያስፈረመች ማሟላት አለባት። በመጨረሻም ፈተናው ይጠብቃታል። በዲግሪ የምትማር ከሆነች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ከመቶ 50 አግኝታ ማለፍ፣ በቴክኒክና ሙያ ደረጃ የምትማር ከሆነች ደግሞ ሰው ሲኦሲ እያለ የሚጠራውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ይኖርባታል።

ይህ ሁለተኛው ትምህርት ቤት እንደ መጀመሪያው በር የሚዘጋ አይደለም። ሆስፒታል እሑድ የለውም፤ ፋሲካና ገናም የለውም። የበሽተኛው የሰውነት ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የትንፋሽ ብዛትና የደም ግፊት በተወሰነለት ጊዜ መለካት አለበት። በሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲሰጥ የታዘዘ መድኃኒት የአስታማሚዪቱ ልጅ ቤት ውስጥ አልቅሷል ተብሎ ወደ 9 ሰዓት አይዛወርም። ተረኛ የሆነች ነርስም ሰዓቷ ደረሰ ብላ ብቻ ብድግ አትልም፤ ለምትተካት ስለ እያንዳንዱ በሽተኛ ነግራ፣ መዝገቡን አስረክባ ነው የምትወጣው። ተማሪዪቱም ይህን የርክክብ ሥርዓት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ልትለምደው ይገባል። እንግዲህ የነርስነትን ትምህርት ከባድ የሚያደርገው የመጽሐፉ ውፍረት ብቻ ሳይሆን የሰዓቱ አለመታጠፍ ነው።

ጥንት ይህን ሥርዓት ያቋቋሙት ሰዎች ተማሪዪቱ ባልና ልጅ ይኖራታል ብለው አላሰቡም ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ባደረገችው አገልግሎት ስሟ ከተሰማ በኋላ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶችን ትምህርት ቤት ባቋቋመች ጊዜ፣ ተማሪዎቹ በሆስፒታሉ ግቢ በተዘጋጀላቸው ቤት አብረው እያደሩ፣ በጥብቅ ሥርዓት እየተጠበቁ የሚማሩ ነበሩ። ምግባቸውን ሌላ ሰው ያበስላል፤ ልብሳቸውን ሌላ ሰው ያጥባል፤ የሚጠብቃቸው ሕፃን የለም። በብዙ አገር አንዲት ነርስ ባገባች ጊዜ ሥራዋን እንድትተው የሚያደርግ ልማድ ለረጅም ዘመን ጸንቶ ኖሯል። ዛሬ ያ ልማድ ቀርቷል፤ የሥራው ሰዓት ግን ያው ነው። ጋዋን የለበሰችው ተማሪ በዚያ ዘመን ልክ በተቈረጠ ሰዓት ውስጥ የዛሬን ኑሮ ይዛ ትገባለች። የችግሩ ሥር ይህ ነው።

በአገራችንም ታሪክ ይህን ነገር የሚያሳስብ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። በጣልያን ወረራ ምክንያት በ1928 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ከተሰደዱ በኋላ፣ በለንደን ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛዪቱም ተማሪ ሠልጥነው በ1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። አገራችን ነጻነቷን ካገኘች በኋላም ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በ1934 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከዐቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ነቀምት ሄዱ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፉ። ዕድሜያቸው 22 ዓመት ብቻ ነበር። ለመታሰቢያቸውም እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ገንዘብ በማሰባሰብ ከደከሙበት በኋላ በአዲስ አበባ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ፤ የነርሶችም ትምህርት ቤት ተከፈተበት። ዛሬ ጦር ኃይሎች በሚባለው ሰፈር የሚገኘው ሆስፒታል እርሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አለ። ልዕልቲቱ ራሳቸው ነርስ ነበሩ፤ ነገር ግን ዕውቀታቸው ብቻውን ሊያድናቸው አልቻለም። ሴት በምጥም ሆነ በእርግዝና ሕመም ጊዜ ሌላ ነርስ፣ ሌላ አዋላጅ፣ ሌላ ሐኪም በአጠገብዋ ሊኖር ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ይህ ቍጥር 412 ሆኖ ተገኝቷል። እንደዚሁም በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች በ2008 ዓ.ም. ከመቶ 26 የነበሩት በ2011 ዓ.ም. ከመቶ 48 ደርሰዋል። ይህ መሻሻል በሕንጻ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በሌሊት ነቅታ የምትጠብቅ የሠለጠነች እጅ ስለ ተገኘች ነው። ስለዚህ አንዲት ተማሪ በቤት ኑሮ ጫና ምክንያት ትምህርቷን ባቋረጠች ቍጥር የሚጐድለው የአንድ ቤት ተስፋ ብቻ ሳይሆን የአንድ ክፍል ተረኛም ጭምር ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ሳምንት 168 ሰዓት አለው፤ ለንጉሥም ለለማኝም ከዚህ አይጨምርም አይቀንስም። በጎተራ የጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖር ሁለት ልጆች ያሏት አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ለክፍል ትምህርትና ለሆስፒታል ልምምድ 40 ሰዓት፣ ለጥናት 18 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ለመሄጃና ለመመለሻ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን 12 ሰዓት፣ በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኛ ደግሞ 49 ሰዓት ትፈልጋለች። ድምሩ 119 ነው። የሚተርፋት 49 ሰዓት፣ ማለትም በቀን ሰባት ሰዓት ይሆናል። ይህን ያየ ባል፣ «ሰባት ሰዓት መቼ አነሰ!» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሰባቱ ሰዓት በአንድ ከረጢት ታስሮ አይገኝም፤ እንደ ጥሬ የተበተነ ነው። አንዱ እፍኝ ጧት ገና ሳይነጋ፣ ሌላው ማታ ድካም ከመጣ በኋላ ይለቀማል። ከዚሁም ላይ ማብሰል፣ ማጠብ፣ ገበያ፣ የልጅ ትምህርት፣ ለቅሶ፣ ዕድርና ቤተ ዘመድ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

መንገዱም እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ከጎተራ ተነሥታ በዚሁ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ወዳሉት ወደ ዘውዲቱ መታሰቢያ ወይም ወደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትሄድ ተማሪ ዕድለኛ ናት። በ2017 ዓ.ም. ካዛንችስ ለልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዪቱ ዳር ተዛውረዋል፤ በፊት በእግሯ ልምምድ ቦታዋ ትደርስ የነበረች ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ታክሲ መያዝ ግድ የሆነባት ትኖራለች። በዚህ ጊዜ ለመንገድ ያልነው 12 ሰዓት 20 ይሆንና ሂሳቡ ሁሉ ይናጋል።

እንግዲህ ሂሳቡ ሲናጋ የሚቀነሰው ከየት ነው? የሆስፒታሉ ሰዓት አይታጠፍም ብለናል። ሕፃን ሲታመምም «ነገ ታመም» አይባልም። የክፍሉም ትምህርት በመምህሩ ሰዓት ይሄዳል። ሊታጠፉ የሚችሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ጥናትና እንቅልፍ ናቸው። ጥናትም ቢሆን ፈተና ሲቃረብ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚሰረቀው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ሲሰረቅ ጮኾ አይከስም፤ ባለቤቲቱም «ለምጄዋለሁ» ትላለች። ነገር ግን ዕዳው አንድ ቀን ይመጣል፤ የሚያሳዝነውም ዕዳውን ከፋዩ ብዙ ጊዜ ተበዳሪዋ ሳትሆን በአልጋው ላይ የተኛው በሽተኛ መሆኑ ነው።

ይህን በግምት የምንናገረው አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የታተመ በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት እንዳስረዳው፣ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የአእምሮውና የእጁ ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 አልኮል እንዳለበት ሰው ይደክማል። ይህም መጠን በብዙ አገር መኪና ከመንዳት የሚያስከለክል ነው። አሁን አስቡት። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣች እናት ቀኑን ሙሉ በቤት ሥራ ውላ፣ ሳትተኛ ለሌሊት ተራ ብትገባ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓቱ ይሞላል። ገና ሌሊቱ ሁሉ ከፊቷ ነው። ጠጥቶ መርፌ የሚወጋ ሰው ቢገኝ ሁላችንም በጮኽን ነበር፤ ሳይተኛ የሚወጋውን ግን «ትጉህ ነው» ብለን እናመሰግነዋለን።

ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ የሚጠብቋቸው አምስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ትክክለኛው በሽተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት ናቸው። መንገድ ማለት በአፍ፣ በጡንቻ ወይም በደም ሥር መሆኑ ነው። ይህን ለማስታወስ ብልኅነት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ንቁ ዓይን ነው። 0.5 ተብሎ የተጻፈውን 5 ብሎ ማንበብ የነጥብ ያህል ትንሽ ስሕተት ይመስላል፤ ለበሽተኛው ግን ዐሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ የተማሪዪቱን እንቅልፍ መጠበቅ የተማሪዪቱን ምቾት መጠበቅ አይደለም፤ የበሽተኛውን ሕይወት መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ተማሪዪቱ ራስዋ ልታደርገው የሚገባትን እንናገር።

1ኛ፤ ሳምንቱን አስቀድማ ታቅድ። ገበሬ በክረምት የሚበላውን በበጋ በጎተራው ያስገባል እንጂ ዝናብ ከጣለ በኋላ እህል ፍለጋ አይወጣም። የልምምድ ተራዋ በወጣ ዕለት የሌሊትና የቀን ተራዎቿን ለይታ በወረቀት ጽፋ ቤተ ሰቡ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ትለጥፍ። የሌሊት ተራ ባለበት ሳምንት ዕረፍት በሆነችበት ቀን ሽሮውንና በርበሬውን፣ ወጡንና እንጀራውን አዘጋጅታ ብታስቀምጥ፣ የልጆቹንም ልብስ አጥባ ብታጥፍ፣ በከባዱ ሳምንት ምድጃው ሥራዋን አይሻማባትም። በዚያ ሳምንት እንግዳ አለመጥራትም ነውር አይደለም።

2ኛ፤ የሌሊት ተራ ሲኖራት እንቅልፏን እንደ መድኃኒት ትቍጠረው። ከተራዋ በፊት ከቀትር በኋላ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ትተኛ። ከተራ ስትመለስም ቤት ልታጸዳ ሳትጀምር ወደ አልጋዋ ትሂድ፤ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ ትጋርድ፤ ስልኳን ትዝጋ። በጋራ መኖሪያ ቤት የጎረቤት ድምፅ ስለማይጠፋ ለጎረቤቶቿ «የሌሊት ተረኛ ነኝ» ብላ መንገር ይጠቅማል፤ የእኛ አገር ጎረቤት ሲነግሩት ይሰማል። ቡናንም ለመተኛት ካሰበችበት ሰዓት ስድስት ሰዓት በፊት ታቁም። ጧት ከተራ ተመልሳ የጠጣችው ቡና ቀኑን ሙሉ ዓይኗን ገልጦ ያውላታልና።

3ኛ፤ ጥናቷን ከበሽተኛው ጋር ታገናኝ። ቀን በክፍሉ ውስጥ የልብ ድካም ያለበትን ሰው አስታምማ ከዋለች ማታ ስለ ልብ ድካም ታንብብ። ነርሶች መረጃ መሰብሰብ፣ ችግሩን መለየት፣ ማቀድ፣ መፈጸም፣ ውጤቱን መመዘን ብለው በአምስት ደረጃ የሚሠሩበትን ሥርዓት በዚያው በሽተኛ ላይ አስባ ብትጽፈው፣ ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሆንላታል። ጥናትም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ተደጋግሞ ሲሆን ይጸናል፤ በአንድ ሌሊት የተቃመ ትምህርት ግን በፈተናው ማግስት ይተናል። ያልተፈረመ የልምምድ መዝገብም ወደ ወሩ መጨረሻ አይደር።

4ኛ፤ የሆስፒታሉን በሽታ ወደ ቤቷ አታምጣ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1847 በቪየና ሐኪሙ ሰመልቫይስ እጅን በመድኃኒት መታጠብ ብቻ የወላዶችን ሞት እጅግ እንደሚቀንስ አሳየ። ይኸው ጥበብ ለራስዋ ልጅም ያገለግላል። ጋዋኗን ሆስፒታል አውልቃ በላስቲክ ለብቻው ይዛ ትምጣ፤ ከልጆች ልብስ ለይታ በሙቅ ውሃ ትጠበው፤ ሕፃኑ እየሮጠ ቢመጣባትም እጇን ሳትታጠብ አትቀፈው። የጉበት በሽታ ክትባትን ልምምድ ከመጀመሯ በፊት ብትወስድ መልካም ነው። በመርፌ የተወጋች እንደ ሆነ ቦታውን በውሃና በሳሙና አጥባ ወዲያውኑ ለኀላፊዋ ትንገር፤ ለኤች አይ ቪ የሚሰጠው መከላከያ መድኃኒት ቶሎ በተጀመረ መጠን ይበልጥ ስለሚጠቅም፣ ከ72 ሰዓትም ካለፈ ስለማይሰጥ፣ «ይወቅሱኛል» ብሎ መደበቅ ራስን መበደል ነው።

5ኛ፤ የምታጠባ እናት ከሆነች ጡት ማጥባቷን ለትምህርቷ ስትል መተው ግዴታ እንዳልሆነ ትወቅ። የዓለም የጤና ድርጅት ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናቱን ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። ስለዚህ እጇን ታጥባ፣ በፈላ ውሃ በተቀቀለ ክዳን ባለው ዕቃ ወተቷን አልባ ማስቀመጥ ትችላለች። የታለበው ወተት በቤት ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ለሕፃኑ ሲሰጥም ዕቃው በሞቀ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ለብ ይላል እንጂ ወተቱ በእሳት ላይ አይፈላም። ሞግዚቲቱ ወይም አያቲቱ ይህን በሚገባ እንዲለምዱት ተራው ከመጀመሩ ሳምንት አስቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ከተማሪዪቱ በኩል ነው። ነገር ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለውን አባባል እያነሡ እርሷን ብቻ መምከር ፍርድ አይደለም። አንዱን ዛፍ ሌላ ሰው ሊወጣላት ይገባል። ክቡር አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ የምንናገረው ከእርስዎ ጋር ነው። ማታ ከቢሮ ሲመለሱ ጋዜጣዎን ይዘው ከመቀመጥዎ በፊት የሚስትዎን የተራ ወረቀት ይመልከቱ። ዛሬ ሌሊት ተረኛ ከሆነች የልጆቹ እራትና የቤት ሥራ የእርስዎ ነው። ከተራ የተመለሰች ከሆነች ጧት ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ማድረስ የእርስዎ ነው። «ላግዝሽ» ማለት ጥሩ ቃል ነው፤ ነገር ግን ማገዝ የሌላውን ሥራ መንካት ነው። ከዚያ ይልቅ ሥራውን ከፍሎ «ይህ የእኔ ነው» ማለት ይበልጣል፤ የእርስዎ የሆነውን ሥራ እርሷ ልታስብበት አያስፈልጋትምና። ወጥ ከሠራ ወንድ ክብር የሚቀንስ የሚመስለው ካለ፣ በሆስፒታሉ ወንዶች ነርሶች የበሽተኛ ገላ ሲያጥቡና አልጋ ሲያነጥፉ ሄዶ ይመልከት። ክብራቸው አልቀነሰም፤ የበሽተኛው ምርቃት ተጨምሮላቸዋል።

ወንዶች ተማሪዎችም እንዳሉ አንርሳ። ነርስነት የሴት ብቻ ሥራ አይደለም፤ በአገራችን ቀድሞ ድሬሰር የሚባሉት ቍስል አጣቢዎች አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። አባት ሆኖ የሚማር ወንድም እንቅልፉ ያው እንቅልፍ ነው፤ በሽተኛውም ያው በሽተኛ ነው። በዚህ የተናገርነው ምክር ሁሉ ለእርሱም ነው።

ቤተ ዘመድም ድርሻ አለው። አማት፣ እናት፣ ታናሽ እኅት፣ ጎረቤት እየተፈራረቁ አንድ አንድ ቀን ቢይዙ ለማንም አይከብድም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነውና። ለቅሶና ሠርግ ላይ የቀረችውን ተማሪ «ኰራች» ብሎ ማማትም ይቅር። ዕድርተኛው «የሌሊት ተረኛ ነበረች» ብሎ ቢያልፋት፣ በታመመ ጊዜ በዚያው ክፍል ያገኛታል።

አሁን ደግሞ ስለ ሕጉና ስለ መሥሪያ ቤቱ ጥቂት እንበል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቍጥር 1064 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ደንግጎላት ነበር፤ በመሥሪያ ቤትም የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር አዞ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ይህኑ ያህል ፈቃድ ከመስጠቱ ሌላ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትሠራ ይከለክላል። እነዚህ መልካም ሕጎች ናቸው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሠራተኛ ነው። ተማሪዪቱ በዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ሌሊት፣ ከሠራተኛዪቱ ጋር ጐን ለጐን ብትቆምም በሕጉ ቃል ሠራተኛ አይደለችም። የሚጠብቃት የትምህርት ቤቱ ደንብና የአስተማሪዎቿ ልቡና ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች ይህን ነገር ለአስተማሪ ርኅራኄ ብቻ ባይተዉት መልካም ነው። የልምምድ ተራ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ተጽፎ ቢወጣ፣ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው በፈቃድ ተራ መለዋወጥ ቢችሉ፣ በልምምድ ቦታ አመዳደብ የመኖሪያ ሰፈር ቢታይ፣ ነፍሰ ጡር ተማሪም ከራጅ ክፍልና ከሌሊት ተራ በደንብ ብትጠበቅ፣ ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ተማሪዪቱም በበኩሏ ችግር ሲገጥማት ሳትቀር አስቀድማ ለአስተማሪዋ ትንገር። ከቀሩ በኋላ የሚቀርብ ምክንያት እውነት ቢሆንም ማመካኛ ይመስላል፤ አስቀድሞ የተነገረ ችግር ግን ሁለቱን ወገን ለመፍትሔ ያቀራርባል። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ኀላፊዎችም አንድ ሠራተኛ «ሚስቴ የሌሊት ተረኛ ስለ ነበረች ልጅ አድርሼ ልግባ» ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢጠይቃችሁ የቤት ጣጣ ብላችሁ አትናቁት።

በመጨረሻም ለመናገር የሚከብድ አንድ ነገር አለ። ሁሉም ተደርጎ ሸክሙ የማይቻልበት ጊዜ ይኖራል፤ ልጅ በጽኑ ሲታመም፣ ወላጅ ሲሞት፣ እርግዝናው ሲከብድ። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ሁለት መጥፎ መንገድ ይመርጣሉ። አንዳንዶች ጥርሳቸውን ነክሰው እየተንገዳገዱ ይቀጥሉና በክፍሉ ውስጥ ይሳሳታሉ ወይም በፈተና ይወድቃሉ። ሌሎች ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ ይጠፋሉ፤ በጠፉም ጊዜ የመመለሻውን በር በራሳቸው እጅ ይዘጋሉ። ሦስተኛው መንገድ በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት በጽሑፍ ፈቃድ ጠይቆ፣ የተፈረመውን መዝገብ በእጅ ይዞ፣ የመመለሻውን ጊዜ አውቆ ለጊዜው ማቋረጥ ነው። አንድ ዓመት የዘገየች ነርስ ያው ነርስ ናት። ለሠላሳ ዓመት አገልግሎት የምትዘጋጅ ሴት አንድ ዓመት ብትዘገይ ውርደት የለበትም፤ ባልና ዘመድም «አልቻለችም» እያሉ ያን ዓመት እንዳያመርሩባት እንለምናለን።

እንግዲህ ነገራችንን እንጠቅልል። የነርስነት ተማሪ ሦስት ሸክም አላት፤ ከሦስቱ አንዱን፣ ማለትም የሆስፒታሉን፣ ማንም ሊያቀልላት አይችልም፤ የበሽተኛ ሕይወት ነውና። ሁለተኛውን፣ ጥናቱን፣ በዘዴ ማቅለል የእርሷ ፈንታ ነው። ሦስተኛውን፣ የቤቱን፣ ማቅለል ግን የእኛ ፈንታ ነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ በዚህ ትምህርት ላይ ያለች ሰው ካለች፣ «ቀጣዩ የሌሊት ተራሽ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቋት። መልሷን ጻፉት። በዚያም ቀን ከቀትር በኋላ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡና ትተኛ። በዚያች ሌሊት የምትጠብቀው በሽተኛ ማን እንደ ሆነ አታውቁትም፤ እርሱም ማን እንዳስተኛለት አያውቅም፤ ነገር ግን መድኃኒቱ በልኩ ይደርሰዋል።